ጨው ያጣ ሳንባ

ቲራን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ያልሞከረ ሰው በደሴታችን የለም፤ የተሳካለት ግን አላውቅም። ቁርሷን ቆማ ትበላለች፤ ደብዳቤዋን ቆማ ታነባለች፤ ጸሎት ቤት እንኳ ጥግ ይዛ ትቀመጥና ሰባኪው ገና ወደ ነገሩ ሳይገባ እግሯ ወለሉን መምታት ይጀምራል። እኔ ጌርዳ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ፣ ክንድ ለክንድ ተጣብቀን ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ሆድ ስንጠርግ ኖረናልና ስለ እሷ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። አለ የሚል ካለ ይምጣና ያውራ።

እናቷ ስትሞት ቲራ አሥራ አራት፣ ወንድሟ ሄልመር ሰባት ዓመታቸው ነበር። አባትየው ቀኑን ሙሉ ጭስ ቤት ውስጥ ዓሣ ሲያደርቅ የሚውል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ፒፓውን የሚለኩስ ሰው ነው። ልጁን ያሳደገችው ቲራ ናት። ጸጉሩን የቆረጠችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ የሰው ጀልባ ፈትቶ ሲሄድ በጆሮው ጎትታ የመለሰችው እሷ ናት። አንድ የመርከብ መካኒክ ላግባሽ ብሏት ነበር። «መጀመሪያ ሄልመር ይደግ» አለችው። ሄልመር አደገ፤ መካኒኩ ግን እስከዚያ ድረስ ሌላ አግብቶ ሦስት ልጅ ወልዶ ነበር።

አባትየው በሃምሳ አንድ ዓመቱ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ሁላችንም «ፒፓው ነው፣ ጭሱ ነው» አልን። እንዲህ ማለት ቀላል ነበር፤ ደግሞም ግማሹ እውነት ነው። ሄልመር የአባቱን ጭስ ቤት ተረከበ፤ ፒፓውን ትቶ ሲጋራ ያዘ። ቲራ ግን በሕይወቷ አንድም ቀን ትምባሆ በከንፈሯ አልነካችም። «አባቴን የገደለውን ነገር አፌ ውስጥ አላስገባም» ትል ነበር። ስለዚህ እሷ ከዚህ ነገር ነጻ ናት ብለን ሁላችንም ተኛን።

ሥራችን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሄሪንጉን በግራ እጅ መያዝ፣ አጭሯን ቢላ ከመተንፈሻው፣ ከስንጥቡ ሥር መስደድ፣ አንዴ ጠምዘዝ አድርጎ ስንጥቡንና አንጀቱን ማውጣት። ቲራ በደቂቃ ሰላሳ ታወጣለች፤ እኔ ሃያ አራት፣ ቀኑ ከቀናኝ ሃያ ስድስት። ጥበቡ ግን በሚወጣው ሳይሆን በሚቀረው ላይ ነው። ከሆዱ ውስጥ የጣት ጫፍ የማታክል ነገር፣ ቆሽቱ፣ እዚያው መቅረት አለባት። ከዚያ ጨው፣ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ወራት። ቆሽቷ ያለችበት ዓሣ እሳት ሳያየው በጨው ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ሥጋው ምላስ ላይ ይሟሟል። ቆሽቷ የወጣችበት ዓሣ ዓመት ቢቀመጥም ጨዋማ ጠፍር ነው። ቲራ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምትነግረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይቺን እንዳትነኪያት። አብሳያችን እሷ ናት።»

አንድ ዓመት ከዋናው ምድር አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ኢንጂነር ሉንድቤክ ይባላል፤ ጋዋኑ ነጭ፣ ጫማው ነጭ፣ ንጽሕና እንደ ሃይማኖት የያዘ ሰው። ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሞ አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄ ነገር ለምን ውስጥ ይቀራል?»

«መቅረት ስላለበት» አለችው ቲራ፣ ቀና ሳትል።

«ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይውጣ። ሆዱ እንደ ሳህን ይጽዳልኝ።»

«እንግዲያው ሲደርስ ሳህኑን ይብሉት።»

እኛ የታዘዝነውን አደረግን። ቲራ ግን የራሷን በርሜሎች እንደ ድሮው ሞልታ ከሥራቸው በሰማያዊ ጠመኔ ጭረት አደረገችባቸው። ነሐሴ ላይ ጨው ውስጥ የገባው ሄሪንግ የገና በዓል ሲቃረብ ተከፈተ። ሆዱን ያጸዳነው የእኛ ዓሣ የጫማ ሶል ሆኖ ተገኘ። ኢንጂነሩ አንዱን በጥርሱ እየጎተተ ሲታገል ቲራ ጭረት ያደረገችባቸውን አሥራ አንድ በርሜሎች አንድ በአንድ አስከፈተችው። ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አፍሽን አላምነውማ።»

እውነቷን ነው።

ኢንጂነሩን ግን አንድ ነገር አልክደውም፤ ማፈርን ያውቅ ነበር። የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠይቆ፣ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእረፍት ሰዓት ፊታችን ቆመ። «በዚያች ቆሽት ውስጥ ያለው ኢንዛይም ይባላል» አለ። «ሥጋ የፕሮቲን ክር ነው፤ እሱ ደግሞ ክሩን የሚቆራርጥ መቀስ። ዓሣው በሕይወት ሳለ የበላውን ይፈጭበታል። ሲሞት መቀሱ ወደ ገዛ ሥጋው ይዞራል።»

«ጨውስ?» አልኩት።

«ጨው ልጓሙ ነው። ቀስ በል ይለዋል። ጨው ባይኖር በሁለት ቀን ሆዱ ፈርሶ ገንፎ ይሆናል።»

ቲራ በአንድ እግሯ ቆማ ቦት ጫማዋ ውስጥ የገባ ቅርፊት እያራገፈች ነበር። «እኛ ውስጥም አለ?» አለች።

«ሞልቶ! ያለ እሱ የበላነው አይፈጭም፤ ስንቆረጥ ደማችን አይረጋም፤ ጀርም የምንገድለውም በእሱ ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን አይበላንም?»

 «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ኢንጂነሩ። አለቃ እንዲህ ሲል «አላውቅም» ማለቱ ነው። ወደ ሥራችን ተመለስን።

ከወደቡ እስከ ቤታችን ስልሳ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። ቲራ አርባ አንድ ዓመት ሲሞላት ደረጃው ላይ የጫማዋ ማሰሪያ መፈታት ጀመረ። ጎንበስ ትልና ታስራለች፤ አሥር ደረጃ ትወጣና ደግሞ ይፈታል። ቀጥሎ ባሕሩን ማየት ጀመረች። «ዛሬ እንዴት ያምራል» ትላለች፤ ጭጋግ ነው፣ ጀልባ እንኳ አይታይም። እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ልናገር፤ ስናገረውም ያናድደኛል። ደሴታችን ላይ ሰው ሕመሙን አይናገርም፤ ሌላውም አይጠይቀውም። መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ከቲራ ጋር ደረጃ የሚወጣ ሁሉ እሷ ስትቆም አብሮ ይቆማል፤ ወደ ባሕሩ ዞሮ «አዎ፣ ያምራል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ መንደሩ በሙሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ጭጋግ ሲያደንቅ ኖረ። እኔም አንዷ ነኝ።

በመጨረሻ የጨው ከረጢት ይዛ ተዝለፍልፋ ከበርሜሎቹ መሐል ወደቀች። ያን ቀን ጨዋነቴን ወዲያ ጣልኩት። «ነገ በጀልባ ጎተንበርግ ከተማ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኳት። «አንቺ ማን ነሽ?» አለች። «የምትጮህብሽ ሴትዮ ነኝ» አልኳት። ሄድን።

ሐኪሙ ገና ጎልማሳ ናቸው፤ የሳንባዋን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሲጋራ ስንት ዓመት አጨሱ?» አሏት። በፍጹም አለች። አላመኗትም፤ ወደ እኔ አዩ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በአጠገቧ አላለፈም» አልኳቸው። ደሟን ወሰዱ፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጠሩን።

«ነጭ የደም ሴሎችዎ ጀርም ሲገድሉ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይጠቀማሉ» አሏት። «ሥራው ሲያልቅ ይህን ኢንዛይም የሚያስቆም ሌላ ነገር አለ። ጉበት ይሠራዋል፤ ደም ይዞት ሳንባ ይደርሳል። የእርስዎ ጉበት ግን ሲሠራው ያጣምመዋል፤ የተጣመመው እዚያው ጉበት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ሳንባዎ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ጀርሙን ጨርሶ አያርፍም። ወደ ሳንባዎ ይዞራል። ታችኛው ክፍል ተበልቷል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም።»

እኔ ምንም አልገባኝም። ቲራ ግን ወዲያው ገባት።

«ጨው የለኝም ማለት ነዋ» አለች።

«ምን አሉ?»

ስለ ሄሪንጉ ነገረቻቸው፤ ስለ ቆሽቱ፣ ስለ ጨው፣ ስለ በርሜል። ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀምጠው እየሰሙ ፈገግ አሉ። «ጨው የሌለው ዓሣ ምን ያህል ይቆያል?» ብለው ጠየቋት። «ሁለት ቀን» አለቻቸው። ፈገግታቸው ጠፋ።

ከዚያ ነገሩ ከወላጆች እንደሚመጣ፣ ከአባት አንድ ከእናት አንድ እንደሚወረስ፣ ሁለቱም ጠማማ ሲሆኑ እንዲህ እንደሚሆን አስረዱን። አባቷም ይኸው ሳይኖራቸው አይቀርም አሉ። «እህት ወንድም አለዎት?»

«አንድ ወንድም። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ያጨሳል?»

«ሲጋራ ያጨሳል፤ የሚሠራውም ጭስ ቤት ውስጥ ነው።»

ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «ይስሙኝ። ጭስ ያለችውን ትንሽ መከላከያ ያበላሻታል፤ ኢንዛይሙን ደግሞ ይጠራዋል። ወንድምዎ እንደ እርስዎ ከሆኑ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ደማቸውን ይስጡ። ዛሬ አውቀው ጭሱን ቢተዉ ሽማግሌ ሆነው ሊሞቱ ይችላሉ።»

ቲራ ከዚያ በኋላ ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቀችም። የጠየቀችው የሚቀጥለው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው። ስንመለስም ከጀልባው ጫፍ እስከ ጫፍ ትመላለሳለች፤ አምስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ አምስት። ሲያዩዋት ያዞራል።

ከወደቡ በቀጥታ ጭስ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት፤ ማንም አልጋበዘኝም። ሄልመር ግዙፍ ሰው ነው፤ ጢሙ ውስጥ ጥላሸት ገብቶ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኗል። ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ዓሣ የተሰካበትን ሽቦ ይሰቅላል። ሐኪሙ ያሉትን ሁሉ ቆማ ነገረችው።

«እኔ ደህና ነኝ» አላት።

«አባባም እስከ አርባ ዓመቱ ደህና ነበር።»

«በርሜል ብቻዬን አነሳለሁ።»

«እኔም አነሳ ነበር።»

«ቲራ፣ ስሚኝ፤ ሰው የሚሞትበትን ቀን ቀድሞ መጠየቅ አይገባውም። እሱ የላይኛው ሥራ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ሃይማኖተኛ የሆንከው? ሰንበት ሰንበት ጸሎት ቤት ኋላ ተቀምጠህ የምታንኮራፋ!»

«በይ ተይኝ አሁን፤ ዓሣው ያርርብኛል።»

ፈርቷል። እኔ ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ የሰቀለውን ሽቦ አውርዶ መልሶ ይሰቅላል። ፍርሃቱን ግን ለማንም አልሰጥም ብሎ ሆዱ ውስጥ ቀበረው።

የብርዱን ወራት በሙሉ ቲራ አሳደደችው። ጸሎት ቤት በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ጀልባ ሲራገፍ ከኋላው ትደርሳለች፤ በምሳ ሰዓት ድንቹን ቀቅሎ ሊቀመጥ ሲል በመስኮት ታንኳኳለች። ልመና ሞከረች፣ ስድብ ሞከረች፣ ማልቀስም ሞከረች፤ ማልቀሱን አልቻለችበትም። ሄልመር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔ በበኩሌ ስሙን አንስቼ ሳልረግመው የዋልኩበት ቀን የለም። ባገኘሁት ቁጥር «አንተ በሬ፣ ክንድህን ብቻ እኮ ነው የምትዘረጋው!» እለዋለሁ። «የማን ክንድ እንደሆነ እንዳትረሺ» ይለኛል።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ቲራ ሁለት የመስታወት ማሰሮ ይዛ መጣች። ከአንድ መረብ የወጡ ሁለት ሄሪንጎች፤ ሁለቱም ቆሽታቸው ውስጣቸው ነው። በአንዱ ላይ ጨው ሞላችበት፤ ሌላውን እንዲሁ ተወችው። ሄልመር ምሳ ሲሄድ ጠብቃ ጭስ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። በማግስቱ ሰንበት ነው፤ በሰንበት ደሴታችን ላይ ማንም ሥራ ቦታ አይደርስም፤ ሹራብ የሚሠራበት መርፌ እንኳ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍት ሽታው እኛ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ቲራ ቢላዋን ጥላ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

ጨው ያገኘው ዓሣ እንዳለ ነበር፤ ዓይኑ ብቻ ነጥቷል። የሌላኛው ሆድ ፈርሶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ማሰሮው ሥር ግራጫ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

«ይሄ አባባ ነው» አለች ቲራ፣ የፈረሰውን እያሳየች። «እኔም ይሄው ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ። አንተ የትኛው እንደሆንክ አታውቅም። እኔም አላውቅም። የምለምንህ እንድናውቅ ነው።»

ሄልመር ማሰሮውን አንስቶ በመስኮት ባሕሩ ውስጥ ወረወረው። «እኔ ዓሣ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸ።

«ዓሣ ብትሆን መች ለመንኩህ! ጠርጌህ እጨርስ ነበር።»

እኔ ሳቅሁ፤ መሳቅ አልነበረብኝም። ሄልመር ሁለታችንንም ከጭስ ቤቱ አስወጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ብልሃት አገኘ፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቲራ ወደ እሱ ስትመጣ ካየ ሽቅብ ይሄዳል። ወደ ደረጃው፣ ወደ ዳገቱ፣ ወደ መርከብ መብራት ማማው። እሷ መውጣት እንደማትችል ያውቃል። አይሮጥም እንኳ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ይወጣል። አንድ ጊዜ ይህን ሲያደርግ አይቼ ዓሣ ወርውሬበታለሁ። ጀርባውን አገኘው፤ ዞር አላለም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሐሙስ የታመመ ጥርሴን ላሳይ ወደ ከተማ የሚሄደው ጀልባ ላይ ወጣሁ። ሄልመር የሰንበት ልብሱን ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል። ጢሙ ታጥቧል፤ ለካ ቀይ ነው።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ጌርዳ፣ እባክሽ ዛሬ አፍሽን ዝጊ።»

ዘጋሁ። ቀላል አልነበረም። ወደቡ ከዓይናችን ሲጠፋ ራሱ ጀመረ።

«ትናንት እንደ ወትሮዬ ሽቅብ ወጣሁ። ላይ ደርሼ ዞር ስል አምስተኛው ደረጃ ላይ ቆማለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። አልጠራችኝም። ልጅ ሆኜ ስጠፋባት ስሜን እየጠራች ደሴቱን ታዳርስ ነበር። ለምን አትጠራኝም ብዬ ጠበቅሁ... አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። መጥሪያ ትንፋሽ የላትም፣ ጌርዳ።»

 አምስት ወር ሙሉ ልናገረው ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ረስቼ የሰንበት ልብሱን ኮሌታ አስተካከልኩለት። የጥርሴን ነገር ትቼ ሆስፒታል ድረስ አብሬው ሄድኩ። መርፌውን ሲያይ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፤ ያ በርሜል አንሺ እጄን እንደ ሕፃን ያዘ። ለማንም እንዳልነግር አስማለኝ። ለቲራ ራሱ ነገራት፤ ማታ ቤቷ በር ላይ ቆሞ «ሰጠሁ። አሁን ተይኝ» ብሏት ሄደ።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፍናቸው አትጠይቁኝ። የፖስታ ጀልባ የሚመጣው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ቲራ ግን ጭስ ያየችበትን ጀልባ ሁሉ ልትቀበል ትወጣለች። ጠረጴዛው ላይ ስትቆም ሰላሳው ወደ አሥራ ስምንት ወረደ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ቆረጠች። ደሟን እያየች «ይኸው ይረጋል፤ ይህኛው መቀስ እንኳ ሥራውን ያውቃል» አለች። በሌሊት ምን እንደምታስብ ስጠይቃት ትቆጥራለች አለችኝ፤ ሄልመር ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ስንት ሲጋራ እንዳጨሰ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። የባሌን ሾርባ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬበት ሁለት ጊዜ ደፋሁት።

ደብዳቤው ማክሰኞ መጣ። ሄልመር ፖስታውን ሳይከፍት በሁለት እጁ ይዞ የኛ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ክፈቺው» አላት።

«እጄ ዓሣ ነው።»

«ክፈቺው አልኩሽ፣ ቲራ። እኔ አልችልም።»

ሽርጧ ላይ እጇን ጠረገችና ቀደደችው። እያነበበች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱ ላይ ቅርፊት ተጣብቆ ያብለጨልጫል። እኔ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ምንም አይናገርም፤ ልገድላት ደረስኩ።

«አንዱ ደህና ነው» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ጠማማ፣ አንዱ ደህና። ጠማማው ከአባባ ነው፤ ደህናውን የሰጠችህ እማማ ናት። ግማሽ ጨው አለህ፣ ሄልመር። ሲጋራውን ካቆምክ፣ ጭስ ቤቱንም ከተውክ ይበቃሃል ይላል። እዚህ ጋ ነው፤ ‹በቂ ነው› ይላል።»

ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ የማላውቀውን መዝሙር ጀመረች። ሄልመር ግን በርሜል ላይ ዘጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ለአንቺ ነበር የሚገባው» አላት። «ጭስ ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ፣ ንገሪኝ እስቲ!»

«ምንም አላደረግሁም» አለችው። «ተነስ አሁን፤ በርሜሉን እያበላሸኸው ነው።» ከዚያ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ልክ እንደ ልጅነቱ ጸጉሩን ወደ ኋላ መለሰችለት። የዓሣ እጅ ነው፤ ግድ አልሰጠውም።

እኔ የዚያን ቀን ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ አፌ እስኪደክመኝ አወራሁ። ሥራ ሲያልቅ ከቲራ ጋር ወጣን። ወደቡ ጫፍ ስንደርስ ቆመች። ደክሟት መስሎኝ ጠበቅኋት። ትንፋሿ ግን ደህና ነበር፤ ዝም ብላ ነው የቆመችው።

«ጌርዳ» አለችኝ።

«አቤት።»

«እንግዲህ ሄልመር ደህና ነው።»

«ደህና ነው፤ ያ በሬ።»

«እስከ ዛሬ ከሱ ኋላ ስሮጥ ስለ ራሴ ያሰብኩ ይመስልሻል? አንድም ቀን አላሰብኩም። ጊዜ አልነበረኝም። ዛሬ ደብዳቤውን አንብቤ ሳጥፈው... የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ብቻ። ፈራሁ፣ ጌርዳ። በጣም ፈራሁ።»

ቲራ ይህን ቃል ስትል ሰምቼ አላውቅም። በደሴታችን ማንም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምን እንደሚባል አላውቅበትም፤ ማንም አላስተማረኝም። ክንዷን ያዝኳት።

«ስንት ዓመት የቀረኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ሃያ።»

«ሐኪሙ ያሉትን ሰምተሻል እኮ፤ አጠገቤ ነበርሽ።»

ሰምቻለሁ። በር ላይ ሲሸኙን አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነበር ያሉት። እስካሁን ያልጻፍኩት መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

«ሃያ ነው ያልኩሽ» አልኳት።

«ውሸታም» አለችኝና ተደገፈችኝ።

ስድስት ዓመት ኖረች። በየዓመቱ በልደቷ ቀን «ስንት ቀረኝ?» ትለኛለች። እኔም በየዓመቱ «ሃያ» እላታለሁ።